የኮምፖነንታችሁ ስታይል እንዳይፈስ፣ የሌላውም እንዳይገባበት

በቴሌግራም የሚመጣልኝ ጥያቄ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው፦ «አንድ ካርድ ሠርቼ ገጹ ላይ ባስገባው የገጹ ርዕሶች በሙሉ ቀይ ሆኑ፤ ምን ነካቸው?» ሁለተኛው ግልባጩ ነው፦ «ዋናው ገጽ ላይ የጻፍኩት ስታይል ኮምፖነንቴ ውስጥ አልገባ አለኝ፤ ቡትስትራፑም ዝም አለ።» ከዚሁ ከባሕር ዳር ይመጣል፣ ከደብረ ማርቆስ ይመጣል፣ ባለፈው ደግሞ ከፍኖተ ሰላም መጣ። ለእያንዳንዱ የድምፅ መልእክት ከምልክ አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው። ኮምፖነንት ማለት እንደ ካርድ ያለ፣ አንዴ ተሠርቶ ገጽ ላይ የሚገባ ቁራጭ ነው፤ ስታይል በሲኤስኤስ የምንጽፍለት መልክ፣ ቡትስትራፕ ደግሞ ተዘጋጅቶ የሚመጣ የስታይል ስብስብ።

ምሳሌያችን የእህል ዋጋ የሚያሳይ ካርድ ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ የቆመ ነጋዴ በስልኩ ከፍቶ የሚያየው ዓይነት። ከላይ የእህሉ ስም አለ፦ ማኛ ጤፍ፣ ሰርገኛ፣ ዳጉሳ። ከሥሩ የኩንታል ዋጋ፣ ከዚያ «ደውል» የሚል በተን፣ መጨረሻ ላይ ሻጩ የጻፋት ማስታወሻ። ታጉን «እህል-ካርድ» እንበለው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የኮድ ቃላቱን እዚህ የጻፍኳቸው እንደሚነበቡት ነው። ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ኮዱን ሆን ብዬ አልለጠፍኩም፤ ኮፒ አድርጎ የለጠፈ ሰው በማግስቱ ተመልሶ ያንኑ ይጠይቀኛል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኮድ መጻፊያ። ቪኤስ ኮድ ይሁን ሌላ፣ የለመዳችሁት።
- የታደሰ ክሮም ወይም ፋየርፎክስ።
- ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚሠራ ትንሽ ሰርቨር። የቪኤስ ኮድ ላይቭ ሰርቨር፣ ወይም ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው ኤችቲቲፒ ሰርቨር ይበቃል። ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ ብትከፍቱት ሞጁል የሆነ ጃቫስክሪፕት አይጫንም፤ ብራውዘሩ ይከለክለዋል።
- የግዕዝ ፎንት ፋይል፣ ለምሳሌ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ። ቀድማችሁ አውርዱት። ኔት ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም።
- አንድ ያረጀ አንድሮይድ ስልክ። የራሳችሁ አዲስ ከሆነ ከቤተሰብ ተዋሱ።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። ቀልድ አይደለም፤ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው የሚያስፈልገው።

1. ምን እንዲገባ፣ ምን እንዳይገባ ወስኑ

ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በአንድ ወገን ከገጹ ወደ ካርዱ እንዲገባ የምትፈልጉትን ጻፉ። በሌላው ፈጽሞ እንዳይገባ የምትፈልጉትን።

ለእህል ካርዳችን እኔ እንዲህ ጻፍኩ። ይግባ፦ የፎንቱ ዓይነት፣ የጽሑፉ ቀለም፣ የበተኑ ቀለም (ባለቤቱ ከፈለገ)። አይግባ፦ የርዕስ መጠን፣ በነገሮች መካከል ያለው ክፍተት፣ የዋጋው አቀማመጥ። የሻጩ ማስታወሻ ደግሞ የባለገጹ ነው፤ እንደፈለገ ያስውበው።

ይህን ያለ ወረቀት የጀመረ ሰው መሀል ላይ ይጨነቃል። ሙሉ በሙሉ ይዘጋና ፎንቱ አልገባ ሲለው ይናደዳል። ወይም ሙሉ በሙሉ ይከፍትና የሌላ ሰው ስታይል ያተራምሰዋል። መሣሪያውን የሚመርጥላችሁ ይህ ወረቀት ነው።

2. መሣሪያውን ምረጡ

አራት መንገድ አለ። ከቀላሉ ወደ ጠንካራው ልሂድ።

ሀ) የክላስ ስም ቅድመ ቅጥያ። እያንዳንዱን ክላስ «እህል-ካርድ» በሚል ማስጀመር፦ እህል-ካርድ-ስም፣ እህል-ካርድ-ዋጋ። ምንም ቴክኖሎጂ አይፈልግም፣ የትኛውም ስልክ ላይ ይሠራል። ስማችሁ ከሌላ ሰው ስም ጋር አይጋጭም፤ ያ ነው ጥቅሙ። ገጹ ላይ «ርዕስ ሁሉ ቀይ ይሁን» የሚል ደንብ ካለ ግን የእናንተም ርዕስ ይቀላል።

ለ) በታጉ ስም ሥር መጻፍ። ሻዶው (ከታች መ ላይ የምናየውን አጥር) ሳትከፍቱ የራሳችሁን ታግ ሠርታችሁ፣ ሁሉንም ደንብ «እህል-ካርድ ውስጥ ያለ ዋጋ» እያላችሁ ትጽፋላችሁ። ከላይኛው ጋር አንድ ነው፤ አጻጻፉ ብቻ ይቀላል።

ሐ) «ስኮፕ» የሚባለው የሲኤስኤስ ትእዛዝ። ከፊቱ የኤት ምልክት አለ። «ከዚህ ጀምር፣ እዚያ ስትደርስ አቁም» ለማለት ያስችላል። የሻጩን ማስታወሻ ሳትነኩ ካርዱን ብቻ ለማስጌጥ በጣም ይመቻል። ክሮም ላይ በ2023 ከ118ኛው ስሪት ጀምሮ፣ ሳፋሪ ላይ በ2024 ከ17.4 ጀምሮ አለ፤ ፋየርፎክስ ዘግይቶ ነው የተቀበለው። የማያውቀው አሮጌ ብራውዘር ደግሞ ብሎኩን በሙሉ ይዘለዋል፤ ካርዱ ራቁቱን ይቀራል። አንድ ነገር አትርሱ፦ ስኮፕ የእናንተ ስታይል እንዳይወጣ ያግዳል እንጂ የውጭው እንዳይገባ አያግድም።

መ) ሻዶው ዶም። ብራውዘሩ ለታጋችሁ የሚሰጠው፣ ከገጹ የተለየ የውስጥ ክፍል ነው። በሁለቱም በኩል የሚያግድ ይህ ብቻ ነው። የውስጡ አይወጣም፤ የውጩ ሴሌክተር፣ ማለትም ደንቡ የትኛውን ኤለመንት እንደሚነካ የሚመርጠው ክፍል፣ ውስጡን አያገኘውም።

የትኛው ይሻላል? ገጹን የምትሠሩት እናንተው ብቻ ከሆናችሁና ካርዱ ሌላ ቦታ የማይሄድ ከሆነ ሀ ወይም ለ ይበቃል። ሥራችሁ በቡትስትራፕ ወይም በቴይልዊንድ ክላስ ላይ የቆመ ከሆነም እዚያው ቆዩ፤ እነዚያ ክላሶች ሻዶው ውስጥ አይደርሱም። ካርዱ ወደማታውቁት ሰው ገጽ የሚሄድ ከሆነ ግን ሻዶው ነው። ሁሉንም ነገር ሻዶው ውስጥ የሚከት ሰው አያለሁ፤ ለአንዲት በተን ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ መ ነው። ጥያቄውም የሚበዛው እሱ ላይ ነው።

3. ረባሽ ገጽ አዘጋጁ

ኮምፖነንቱን ከመጻፋችሁ በፊት አንድ መጥፎ ገጽ ሥሩ። ሆን ብላችሁ መጥፎ አድርጉት። እኔ የምጠቀምበት እነዚህ አሉት፦

- ርዕስ ሁሉ ቀይና ትልቅ
- አንቀጽ ሁሉ መሀል ላይ የተሰለፈና ሰፊ የፊደል ክፍተት ያለው
- በተን ሁሉ አረንጓዴ
- ዋናው ኤችቲኤምኤል ታግ ላይ የፎንት መጠን 10 ፒክሰል
- ቦዲ ላይ የመስመር ከፍታ 14 ፒክሰል

ለምን? የራሳችሁ ንጹሕ ገጽ ላይ ሁሉም ነገር ያምራል። ችግሩ የሚታየው ደንበኛ ጋ ስትወስዱት ነው፤ ያኔ ደግሞ ደንበኛው አጠገባችሁ ቆሟል።

4. ታጉን ሥሩ፣ ሻዶውን ክፈቱ

የታጉ ስም ውስጥ ሰረዝ መኖር አለበት። ያለ ሰረዝ ብራውዘሩ አይመዘግብላችሁም፤ ወደፊት ከሚመጣ የኤችቲኤምኤል ታግ ጋር እንዳይጋጭ ነው። የመጀመሪያው ፊደል ደግሞ ትንሽ የላቲን ፊደል መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ የግዕዝ ፊደል ማስገባት ይፈቀዳል፤ እኔ ግን አልመክርም፣ ኪቦርድ መቀያየሩ ያሰለቻል።

ኮንስትራክተሩ (ታጉ ሲፈጠር አንዴ የሚሠራው የኮድ ክፍል) ውስጥ «አታች ሻዶው» የሚለውን ጥሩና ሞዱን «ኦፕን» አድርጉት። ኮንስትራክተሩ ውስጥ የሚሆነው አንዴ ብቻ መጠራት ስላለበት ነው። ታጉ ገጹ ላይ በገባ ቁጥር የሚጠራው ቦታ ላይ ብታስቀምጡት፣ ካርዱ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲዛወር ሁለተኛ ይጠራና ስህተት ይወረውራል።

«ክሎዝድ የሚለው ይበልጥ አይጠብቅም?» የሚል ሰው አለ። አይጠብቅም። በጃቫስክሪፕት ቀጥታ መግቢያውን ይደብቃል እንጂ ቁልፍ አይደለም። ስታይል ላይ ደግሞ ምንም ልዩነት የለውም። የራሳችሁን ሥራ ለመፈተሽ ብቻ ያስቸግራችኋል።

5. የውስጡን ስታይል ጻፉ

ሁለት አማራጭ አላችሁ። አንዱ ሻዶው ውስጥ የስታይል ታግ ማስገባት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ይበቃል። ሌላው በጃቫስክሪፕት አንድ የስታይል ሺት ፈጥሮ፣ በ«ሪፕሌስ ሲንክ» ሞልቶ፣ ለእያንዳንዱ ካርድ «አዶፕትድ ስታይል ሺትስ» በሚለው ማካፈል ነው። ገጹ ላይ መቶ ካርድ ካለ ሁሉም አንዷን ሺት ይጋራሉ፤ አንዴ ብትቀይሯት ሁሉም ይቀየራሉ። ክሮም ከ73፣ ፋየርፎክስ ከ101፣ ሳፋሪ ከ16.4 ጀምሮ ያውቁታል። «ኢምፖርት» የሚለው የሲኤስኤስ ትእዛዝ ግን በዚህ መንገድ አይሠራም።

የትኛውንም ብትመርጡ እነዚህ ሦስት ደንቦች መጀመሪያ ላይ ይግቡ፦

አንደኛ፣ ሆስት ላይ «ዲስፕሌይ ብሎክ»። ሆስት ማለት ታጉ ራሱ ነው፤ ከፊቱ አንድ ኮለን አለው። እናንተ የሠራችሁት ታግ ሲወለድ ኢንላይን ነው። ስፋት ብትሰጡት አይሰማም።

ሁለተኛ፣ «ሂድን» የሚል አትሪቢዩት ያለበት ሆስት ላይ «ዲስፕሌይ ነን»። ብሎክ ያላችሁት ደንብ የብራውዘሩን መደበቂያ ስለሚሽረው ነው። ይህን የዘነጋ ሰው «ደበቅኩት፣ አልደበቅ አለ» ይላል።

ሦስተኛ፣ ለውስጥ ኤለመንቶች በሙሉ «ቦክስ ሳይዚንግ ቦርደር ቦክስ»። ዋናው ገጽ ላይ በኮከብ የጻፋችሁት ሻዶው ውስጥ አልገባም። ካርዱ ስልክ ላይ በጥቂት ፒክሰል ወደ ጎን የሚፈስሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

6. ውርሱን ተቆጣጠሩ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ነው።

ግቢያችሁን በባሕር ዛፍ አጥር አጠራችሁ እንበል። የጎረቤት በግ አይገባም። ጎረቤት ቡና ሲቆላ ግን ሽታው ይገባል። ሻዶውም እንደዚያ ነው። ሴሌክተር አይገባም፤ ውርስ ይገባል። ቀለም፣ የፎንት ዓይነት፣ የፎንት መጠን፣ የመስመር ከፍታ፣ የፊደል ክፍተት፣ የጽሑፍ አሰላለፍ፦ እነዚህ ሁሉ ካርዱ የቆመበት ቦታ ካለው ይወረሳሉ። ማርጂን፣ ፓዲንግ፣ ቦርደር፣ ጀርባ ቀለም አይወረሱም።

ስለዚህ ወረቀታችሁን አውጡ። «አይግባ» ካላችሁት ውስጥ የሚወረስ ካለ ሆስት ላይ በስሙ ጻፉት። እኔ የጽሑፍ አሰላለፍን «ስታርት»፣ የፊደል ክፍተትን «ኖርማል» አደርጋለሁ። ሆስት ላይ የጻፋችሁት ውርሱን ይቆርጠዋል።

የመስመር ከፍታ የግዕዝ ፊደል ላይ በደንብ ይታወቃል። ገጹ 14 ፒክሰል ብሎ ከጻፈ ያው 14 ፒክሰል ይወረሳል፤ የእናንተ ትልቅ የዋጋ ጽሑፍ ሁለት መስመር ሲሆን እርስ በርሱ ይደራረባል። ሆስት ላይ ያለ መለኪያ፣ ቁጥሩን ብቻ ጻፉ፤ ለምሳሌ 1.6። ቁጥር ብቻ ሲሆን እያንዳንዱ ጽሑፍ በራሱ መጠን ያባዘዋል።

ሬም የሚለውን መለኪያም ተጠንቀቁ። ሬም የሚቆጥረው ከዋናው ኤችቲኤምኤል ታግ ነው። ሻዶውን አያውቀውም። ረባሽ ገጻችን 10 ፒክሰል ስላለ በሬም የጻፋችሁት ሁሉ ይኮሰምናል። ከካርዱ ጋር አብሮ እንዲያድግ የምትፈልጉትን በኢኤም ጻፉ፤ ፈጽሞ እንዳይነቃነቅ የምትፈልጉትን በፒክሰል።

በተን፣ ኢንፑትና ሴሌክት ደግሞ በተቃራኒው ናቸው። ብራውዘሩ የራሱን ፎንት ስለሚሰጣቸው ከገጹ አይወርሱም። «ደውል» የሚለው ጽሑፍ ከሌላው ተለይቶ ሌላ ቅርጽ የሚይዘው ለዚህ ነው። በተኑ ላይ «ፎንት ኢንሄሪት» ብላችሁ ጻፉ።

አሁን የፎንቱ ነገር። በአንድ ወቅት የዋጋ ካርድ ሠርቼ ለአንድ ነጋዴ ማኅበር ሰጠሁ። የፎንት ፌስ ደንቡን፣ ማለትም ፎንቱን ከፋይል የሚጭነውን፣ ሻዶው ውስጥ ነበር ያስቀመጥኩት። ላፕቶፔ ላይ አማረ። በሳምንቱ ደወሉልኝ፦ «የካርዱ ፊደልና የገጹ ፊደል አይመሳሰልም።» እኔ ጋ ይመሳሰላል! ሁለት ቀን ፈለግሁ። ለካ ሻዶው ውስጥ የተጻፈ ፎንት ፌስ አይጫንም። እኔ ጋ የሠራው ኖቶ ላፕቶፔ ላይ ስለተጫነ ነበር። እነሱ ጋ ስልኩ የራሱን ፊደል አወጣ።

ስለዚህ ፎንት ፌስ ዋናው ገጽ ላይ ይቀመጥ። ሻዶው ውስጥ የፎንቱን ስም ብቻ ጥሩ፣ ወይም ዝም ብላችሁ ይወረስ። ስትፈትሹም ፎንቱ ያልተጫነበት መሣሪያ ላይ ፈትሹ።

«ምንም ዓይነት ውርስ አልፈልግም» ካላችሁ ሆስት ላይ «ኦል ኢኒሻል» የሚባል አለ። ውርሱን በሙሉ ይቆርጣል፤ የሲኤስኤስ ቫሪያብሎች (ዋጋ በስም የምናስቀምጥባቸው) ግን ያልፋሉ። ዲስፕሌይንም ወደ ኢንላይን ስለሚመልሰው «ዲስፕሌይ ብሎክ» ከእሱ በኋላ ይጻፍ። እኔ የምጠቀምበት የማላውቀው ሰው ገጽ ላይ ለሚለጠፍ ነገር ብቻ ነው። የራሳችሁ ገጽ ላይ ፎንቱን ጭምር ያሳጣችኋል።

7. በር ክፈቱ፦ ቫሪያብልና ፓርት

ባለገጹ የበተኑን ቀለም መቀየር ይፈልጋል ብለን ጽፈናል። በሩ ቫሪያብል ነው። ሁለት ሰረዝ ቀድሞት «እህል-ካርድ-በተን-ቀለም» የሚል ስም ስጡት። ውስጥ በተኑ ላይ «ይህ ቫሪያብል ካለ እሱን፣ ከሌለ ቡናማ» ብላችሁ ጥሩት። ቫሪያብል እንደ ውርስ ስለሚያልፍ አጥሩ አያግደውም።

ወጥመድ አለው። ነባሪውን ዋጋ ሆስት ላይ በዚያው ስም አትጻፉ። ብትጽፉት ባለገጹ ቦዲ ላይ የሰጠው ቀለም አይደርስም፤ ሆስት ላይ ያለው የቅርብ ስለሆነ ውርሱን ይረታዋል። ባለገጹ ታጉ ላይ በቀጥታ ከጻፈው ብቻ ይሠራለታል። «እዚያ ይሠራል፣ እዚህ አይሠራም» እያለ ፀጉሩን ይነጫል። ነባሪውን ከቫሪያብሉ መጥሪያ ላይ፣ ከኮማው ቀጥሎ አድርጉት። ቫሪያብሉን ብዙ ቦታ የምትጠሩት ከሆነ ደግሞ ሆስት ላይ ሌላ የውስጥ ስም ፍጠሩ። እሱ ከውጩ ስም ይውሰድ፣ ከሌለ ነባሪውን ይያዝ።

ፓርት ሰፋ ያለ በር ነው። በተኑ ላይ «ፓርት» የሚል አትሪቢዩት ሰጥታችሁ ስም ታወጡለታላችሁ። ባለገጹ ከውጭ በሁለት ኮለን ፓርት ብሎ ይጠራውና የፈለገውን ይጽፍበታል። የእሱ ደንብ የእናንተን ይረታል። በውስጡ ወዳለው ልጅ ኤለመንት ግን መውረድ አይችልም። ካርዳችሁ ሌላ ኮምፖነንት ውስጥ ካለ ፓርቱ ወደ ውጭ የሚደርሰው በመሀል ያለው «ኤክስፖርት ፓርትስ» ካለው ብቻ ነው።

ፓርት ከማብዛት ቆጠብ በሉ። ስሙን አንዴ ከሰጣችሁ ሰው ይመካበታል፤ ብትቀይሩት ገጹ ይበላሻል። እኔ ከቫሪያብል እጀምራለሁ።

8. ስሎት ላይ የሚገባው የእንግዳ ዕቃ ነው

የሻጩ ማስታወሻ በስሎት ይገባል። ስሎት ማለት ካርዱ ውስጥ ከገጹ ለሚመጣ ነገር የተተወ ክፍት ቦታ ነው። ስሎት ውስጥ የታየ ነገር ሻዶው ውስጥ የገባ ይመስላል እንጂ ባለቤቱ ገጹ ነው። የገጹ ስታይል ያገኘዋል። ረባሽ ገጻችን አንቀጹን መሀል ላይ ያሰልፈዋል፤ ትክክል ነው፣ ወረቀታችን ላይም የባለገጹ ነው ብለናል።

በሁለት ኮለን «ስሎትድ» ብላችሁ ከውስጥ ማስጌጥ ትችላላችሁ፤ ሁለት ገደብ አለው። ቀጥታ የገባውን ኤለመንት እንጂ በውስጡ ያለውን አያገኝም። ከገጹ ደንብ ጋር ቢጋጭ ደግሞ ገጹ ያሸንፋል።

እንግዲህ ዋጋው እንዳይነካ ከፈለጋችሁ በስሎት አታስገቡት። በአትሪቢዩት ተቀበሉትና ውስጥ ራሳችሁ ጻፉት። ስትጽፉም በ«ቴክስት ኮንቴንት» ይሁን።

9. ጃቫስክሪፕት እስኪደርስ

ኔቱ ሲጎተት ታጉ ቀድሞ ይደርሳል፣ ጃቫስክሪፕቱ ዘግይቶ። በመሀል ማስታወሻው ብቻውን ይታያል፤ ከዚያ ካርዱ ድንገት ሲመጣ ገጹ ይዘላል። ነጋዴው ሊነካ የነበረው በተን ከጣቱ ሥር ይሸሻል።

ዋናው ገጽ ላይ «ገና ያልተመዘገበ እህል-ካርድ» የሚል ደንብ ጻፉ፤ «ዲፋይንድ» የሚለውን «ኖት» ውስጥ አስገብታችሁ። ዲስፕሌይ ብሎክ አድርጉትና የካርዱን ያህል ትንሹን ቁመት ስጡት። ቦታው ተይዞ ይጠብቃል።

ሰርቨር ላይ ኤችቲኤምኤል የምታመነጩ ከሆነ የተሻለ አለ፦ ሻዶውን በቴምፕሌት ታግ ከነስታይሉ በኤችቲኤምኤል መላክ። «ሻዶው ሩት ሞድ» የሚል አትሪቢዩት ይሰጠዋል። ክሮም ከ111፣ ሳፋሪ ከ16.4፣ ፋየርፎክስ ከ123 ጀምሮ ያውቁታል። በዚህ መንገድ ስትሄዱ ኮንስትራክተሩ ውስጥ መጀመሪያ ሻዶው መኖሩን አረጋግጡ። አታች ሻዶውን ዝም ብላችሁ ብትጠሩት ከሰርቨር የመጣውን ያጸዳዋል።

10. ረባሹ ገጽ ላይ ጣሉት

ካርዱን ረባሽ ገጹ ላይ አስገቡ። ጎን ለጎን ንጹሕ ገጽ ላይም። ከማስታወሻውና ሆን ብላችሁ ካስገባችሁት ውርስ በቀር ልዩነት ካያችሁ ኢንስፔክት አድርጉ። ሻዶው ሩት የሚለው ሥር ኤለመንቱን ስትመርጡ የስታይል ዝርዝሩ ከየት እንደተወረሰ ጭምር ይነግራችኋል። ከዚያ በአሮጌው ስልክ ድገሙት።

ማስጠንቀቂያ

- ሻዶው የስታይል አጥር ነው፤ የደኅንነት አይደለም። ሰው የጻፈውን ጽሑፍ በ«ኢነር ኤችቲኤምኤል» ካስገባችሁ ተንኮለኛ ኮድ ሻዶው ውስጥም ይሠራል።
- አይዲ አጥር አይሻገርም። ውጭ ያለ ሌብል ውስጥ ያለን ኢንፑት በአይዲ ቢጠራው አያገኘውም። ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው ኢንፑቱ ምን እንደሆነ አይሰማም። ሌብሉንና ኢንፑቱን አንድ ላይ፣ አንድ ሻዶው ውስጥ አድርጉ።
- ሻዶው ውስጥ ያለ ኢንፑት ከውጩ ፎርም ጋር አብሮ አይላክም። ስልክ ቁጥር መቀበያ ሠርታችሁ ቁጥሩ ሰርቨር ካልደረሰ ምክንያቱ ይህ ነው። ኮምፖነንቱን ከፎርም ጋር ማሰር የራሱ ሥራ አለው፤ ለጊዜው ኢንፑቱን በስሎት ብታስገቡት ይሻላል።
- «ሆስት ኮንቴክስት» የሚል ታገኛላችሁ። ሁሉም ብራውዘር ስለማያውቀው ተዉት። ጨለማ ገጽታ ከፈለጋችሁ በቫሪያብል አስገቡት።

የተለመዱ ስህተቶች

«ኢምፖርታንት ጻፍኩበት፣ ባሰበት።» ሆስት ላይ በተራው ጊዜ የገጹ ደንብ የውስጡን ይረታል። ኢምፖርታንት ሲገባ ግን ይገለበጣል፤ የውስጡ ያሸንፋል። ኮምፖነንት ውስጥ ኢምፖርታንት ከጻፋችሁ ባለገጹ ምንም ማድረግ አይችልም። በሩን ከውጭ ቆልፋችሁ ቁልፉን ዓባይ ወረወራችሁት ማለት ነው።

«የቡትስትራፕ ክላስ ሰጠሁት፣ ምንም አልሆነም።» ክላሱ አለ፤ ደንቡ ግን ውጭ ቀርቷል። ሻዶው ውስጥ በሊንክ ታግ ፋይሉን ልትጠሩት ትችላላችሁ። ፋይሉ እስኪደርስ ግን ካርዱ ራቁቱን ብልጭ ሊል ይችላል። ያን ካልፈለጋችሁ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ፣ ለ የሚለውን ውሰዱ።

«ማርጂኑን ሆስት ላይ ጻፍኩ፣ ረባሽ ገጹ ላይ ጠፋ።» ገጹ ታጉን በስሙ ወይም በኮከብ ጠርቶ ማርጂን ዜሮ ካለው እሱ ያሸንፋል። ታጉ ራሱ ከአጥሩ ውጭ ነው የቆመው። የማይነካ ክፍተት ከፈለጋችሁ ሻዶው ውስጥ አንድ ዲቭ አድርጋችሁ ፓዲንጉን እሱ ላይ ጻፉ። በካርድና በካርድ መካከል ያለውን ክፍተት ግን ለባለገጹ ተዉለት፤ የት እንደሚደረድራቸው የሚያውቀው እሱ ነው።

«ስሎቱ ውስጥ ያለው ሊንክ ቀለም አልቀየር አለኝ።» ሊንኩ አንቀጽ ውስጥ ነው፣ ስሎት ውስጥ የገባው ደግሞ አንቀጹ ነው። ስሎትድ እስከዚያ አይወርድም። ከገጹ ጻፉት።

«ሁለተኛ ካርድ ስጨምር ኮንሶሉ ቀላ።» ስክሪፕቱን ሁለት ቦታ ጠርታችሁታል፤ ያው የታግ ስም ሁለቴ ሲመዘገብ ስህተት ነው። ስክሪፕቱ አንዴ ይጠራ፣ ታጉን የፈለጋችሁትን ያህል ደርድሩ።